የሳተላይት ሞገድ አውራጅና ተጠባባቂው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሳይንስ ክበብ ስም የተነገረ)



በዚህ ታላቅ ቀን ከአንጋፋዎቹ ንግግር ቀጥሎ እኛ ተማሪዎቹ ጥቂት እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችን የላቀ ነው። ስለምን እንናገር ብለን በክበባችን ስንመካከር፣ አንዳንዶቻችን ስለ ጠፈር ጕዞ፣ አንዳንዶቻችንም ስለ ኮምፒውተር ይሁን ብለን ነበር። በመጨረሻ የተስማማንበት ግን ብዙ ሰው ስሙን አጣርቶ የማያውቀው፣ ዳሩ ግን በየጣራችን ላይ ተሰቅሎ ፀሓይና ዝናም ሲፈራረቅበት የሚኖር አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው።

ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጧት፣ በፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን በሚሮጥበት ሰዓት፣ የክረምት ትምህርት የምንከታተል ተማሪዎች ከብዙ ወላጆች ጋር በዚሁ አዳራሽ ተሰብስበን ነበር። ዝናሙ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሯል። ሯጮቹ ገና መንገዱን ሳያጋምሱ ሥዕሉ ተቈራረጠና ጨርሶ ጠፋ። ሁለታችን መሰላል አስደግፈን ጣራ ላይ ብንወጣ፣ በዲሹ ፊት ያለው ኤል ኤን ቢ የሚባለው መሣሪያ ክዳኑ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበት አገኘነው። «አይዞአችሁ፤ ተጠባባቂ አለን!» ብለን ከጣራው ላይ ጮኽን። በመጻሕፍት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ለዓመታት ከነመጠቅለያው የተቀመጠ አዲስ ኤል ኤን ቢ ነበረና አስመጥተን ገጠምነው። ሥዕል ግን አልመጣም። ብንፈታው ብናስረው፣ ገመዱን ብንነቅለው ብንሰካው አልሆነም። በመጨረሻ አንድ አባት ስልካቸውን ከጆሯቸው ሳያነሡ «ታምራት ቀደመ! ወርቁን ወሰደ!» ብለው ሲጮኹ ሰማን እንጂ፣ ወርቁ ሲገኝ በዓይናችን አላየንም። ወላጆቻችን በደስታ እየተሣሣቁ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ እኛ ግን ጣራው ላይ እንደ ቆምን አፈርን።

አዲስ የነበረው ተጠባባቂ ስለምን አልሠራም? ይህን ጥያቄ ይዘን መጻሕፍት አገላበጥን፤ የፊዚክስ መምህራችንንም አስቸገርናቸው። ዛሬ የምንነግራችሁ ያገኘነውን መልስ ነው።

ሞገዱ ከየት ይመጣል?

ቴሌቪዥን የሚያስተላልፉት ሳተላይቶች አብዛኛዎቹ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይኖራሉ። በዚያ ከፍታ ላይ ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር የሚፈጅባቸው ጊዜ ምድር ራሷን ከምትዞርበት ጊዜ ጋር እኩል ስለ ሆነ፣ ለኛ አንድ ቦታ የቆሙ ይመስላሉ። ዲሻችን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አፍጥጦ የሚኖረውም ስለዚህ ነው።

አንድ የሳተላይት ማሠራጫ ለአንድ መሥመር የሚያወጣው ኀይል ብዙውን ጊዜ ከአንድ መቶ ዋት እጅግ የማይርቅ ነው፤ ይህም የአንድ ወይም የሁለት ትልልቅ አምፑሎች ኀይል ማለት ነው። ያም ብርሃን በአንድ ክፍለ ዓለም ላይ ተበትኖ ሲወርድ ለኛ ዲሽ የሚደርሰው ጠብታ ምን ያህል ቀጭን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ኤል ኤን ቢው መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ይህን ደካማ ሞገድ ማጉላት ነው። ማጉያውም የራሱን ጫጫታ ከሞገዱ ጋር እንዳይቀላቅል ተደርጎ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የገባ ጫጫታ ኋላ ከሞገዱ ጋር አብሮ ይጎላልና።

ሁለተኛው ሥራ ማውረድ ነው። የራዲዮ ሞገድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ ይህ የምልልስ ቍጥር ፍሪኩዌንሲ ይባላል። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ የተመላለሰ እንደ ሆነ አንድ ሜጋኸርዝ እንለዋለን። ከሳተላይት ወደ ቤታችን የሚወርደው የቴሌቪዥን ሞገድ ግን ከ10,700 እስከ 12,750 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ የሚገኝ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚመላለስ ሞገድ በተራ ሽቦ ውስጥ ቢላክ ከጣራ ወደ ሳሎን ሳይደርስ አብዛኛው ይጠፋል። ደግሞም ከብዙ መሥመሮች መካከል አንዱን ለይቶ ማጥለልና መልእክቱን ማንበብ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ እጅግ ይቀላል። ስለዚህ ሞገዱ እዚያው በዲሹ አፍ ላይ እንዳለ ዝቅ ይደረጋል። ይህን የሚሠራውን ክፍል ባለሙያዎች ዳውን ኮንቨርተር ይሉታል።

እኛ በክበባችን «አውራጅ» ብለነዋል። ባገራችን ገበያ ጫኝና አውራጅ እንዳሉ ሁሉ፣ መልእክት በሚልከው ጣቢያ ያለው መሣሪያ መልእክቱን ከፍ ባለ ሞገድ ላይ ይጭናል፤ በሚቀበለው ጣቢያ ያለው ደግሞ ያወርዳል። አውራጁ ሸክሙን አይለውጥም፤ ጤፉ ከመኪና ላይ ቢወርድም ያው ጤፍ ነው።

እንዴት ይወርዳል?

ክራር የሚቃኝ ሰው ይህን ነገር በጆሮው ያውቀዋል። ሁለት ጅማቶች እኩል ለመሆን ጥቂት ሲቀራቸው አብረው ቢመቱ ድምፁ ከፍና ዝቅ እያለ ይርገበገባል። አንደኛው ጅማት በሰከንድ 200 ጊዜ፣ ሁለተኛው 203 ጊዜ ቢንቀጠቀጥ፣ ርግብግቢቱ በሰከንድ 3 ጊዜ ይሆናል፤ ይኸውም የሁለቱ ልዩነት ነው። ምሳሌው በሁሉም ነገር ባይገጥምም ለመነሻ ይበቃናል።

በአውራጁ ውስጥም እንዲሁ ሁለት ሞገዶች ይገናኛሉ። አንደኛው ከሰማይ የመጣው ነው። ሁለተኛው ኦሲሌተር የሚባለው ክፍል እዚያው የሚያመነጨው፣ ፍሪኩዌንሲው አስቀድሞ የታወቀ ሞገድ ነው። ቀላቃዩ ሁለቱን ሲያገናኛቸው የሁለቱ ድምርና የሁለቱ ልዩነት የሆኑ ሁለት አዳዲስ ሞገዶች ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ማጥለያ ድምሩን ያስቀርና ልዩነቱን ያሳልፋል። ሥዕሉና ድምፁ ከሞገዱ ጋር አብሮ ይወርዳል። ይህን የአቀባበል ዘዴ አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1918 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ በፓሪስ ከተማ በጦር መኰንንነት ሲሠራ አቅዶታል። ኋላም በዓለም ያሉ ራዲዮኖችና ቴሌቪዥኖች አብዛኛዎቹ በዚህ መንገድ ተሠርተዋል።

አሁን ቍጥር እናስገባ። በአብዛኛው ቤት ጣራ ላይ ያለው ኤል ኤን ቢ ሁለት የኦሲሌተር ፍሪኩዌንሲዎች አሉት፤ ለዝቅተኛው ክልል 9,750፣ ለከፍተኛው 10,600 ሜጋኸርዝ ናቸው። ከሁለቱ የትኛው እንዲሠራ የሚያዘው ሳሎን ያለው ሪሲቨር ነው። እንግዲህ የምንፈልገው ጣቢያ በ11,900 ሜጋኸርዝ ላይ ነው እንበል። ከ11,900 ላይ 10,600 ሲቀነስ 1,300 ይቀራል። ሪሲቨሩም ይህን ሒሳብ አስቀድሞ ስለሚያውቅ በ1,300 ላይ ሆኖ ይጠብቃል።

የኛ እንቆቅልሽ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። ከቁም ሣጥን ያወጣነውን ኤል ኤን ቢ ኋላ አውርደን ስናገላብጠው፣ በጀርባው ላይ 10,750 የሚል ቍጥር ታትሞበት አየን። የሌላ ዓይነት ነበርና ኦሲሌተሩ አንድ ብቻ ነው። ከ11,900 ላይ 10,750 ቢቀነስ 1,150 ነው። ሞገዱ በ1,150 በር ገባ፤ ሪሲቨሩ ግን እንግዳውን በ1,300 በር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። መሣሪያው ደኅና ነበር፤ ዲሹም ደኅና ነበር። በሪሲቨሩ ውስጥ አንድ ቍጥር ብቻ ለውጠን ቢሆን ኖሮ ታምራትን ባየነው ነበር።

በትልልቅ ጣቢያዎች ያለው አውራጅ

ለቴሌፎን፣ ለባንክና ለአውሮፕላን ጕዞ የሚያገለግሉት ትልልቅ የምድር ጣቢያዎች ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ያደርጋሉ። እነዚህ ብዙ ጊዜ ከ3,700 እስከ 4,200 ሜጋኸርዝ ያለውን ክልል ይቀበሉና በመጨረሻ ወደ 70 ሜጋኸርዝ ያወርዱታል።

4,000 ሜጋኸርዝን ባንድ ጊዜ ወደ 70 ለማውረድ ኦሲሌተሩን 3,930 ማድረግ ይበቃል የሚል ሰው ይኖራል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ዳሩ ግን አንድ አደጋ አለበት። በ3,860 ላይ ያለ ሌላ መሥመር ከ3,930 ጋር ሲገናኝ የእርሱም ልዩነት 70 ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ባንድ ስም ሲጠሩ አብረው «አቤት!» እንደሚሉ፣ ሁለቱም መሥመሮች ባንድ ላይ ይመጣሉ። ይህ ያልተጠራው እንግዳ የምስል ፍሪኩዌንሲ ይባላል።

መፍትሔው በሁለት ደረጃ መውረድ ነው። መጀመሪያ ኦሲሌተሩ 5,150 ይሆንና ከእርሱ ላይ 4,000 ሲቀነስ 1,150 ይገኛል። የዚህ ምስል 6,300 ላይ ስለሚውል ከምንቀበለው ክልል ውጭ ነው፤ በማጥለያ በቀላሉ ይታገዳል። ማገዱም ግዴታ ነው፤ ስለምን ቢሉ 6,300 ጣቢያው ራሱ ወደ ሳተላይት ከሚልክበት ክልል ውስጥ ነውና። በሁለተኛው ደረጃ ደግሞ ኦሲሌተሩ 1,220 ይሆንና 1,150 ሲቀነስለት 70 ይቀራል። በመካከል ያለው ማጥለያ በ1,150 ዙሪያ ያለውን ብቻ ስለሚያሳልፍ ሌላው መሥመር መግቢያ ያጣል። ሌላ ጣቢያ ሲፈለግ የመጀመሪያው ኦሲሌተር ብቻ ይለወጣል።

በመጀመሪያው ደረጃ ኦሲሌተሩ ከሞገዱ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ላይ የነበረው ወደ ታች፣ ታች የነበረው ወደ ላይ ይገለበጣል። በሁለተኛው ደረጃም እንደዚሁ አንድ ጊዜ ይገለበጣል። ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ልብስ እንደ መጀመሪያው ሆኖ እንደሚገኝ፣ ሞገዱም ተቃንቶ ይወጣል።

የኦሲሌተሩ መጽናት ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። 5,150 ሜጋኸርዝ ላይ ካንድ ሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ስሕተት ቢገኝ በሰከንድ 5,150 ምልልስ ያህል ይስታል። ሰፊ የቴሌቪዥን መሥመር ይህን ይታገሣል፤ ጠባብ የመልእክት መሥመር ግን ከቦታው ወጥቶ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በትልልቅ ጣቢያዎች ያሉ ኦሲሌተሮች ሁሉ 10 ሜጋኸርዝ ከሚሰጥ አንድ እጅግ ጽኑ ምንጭ ጋር ታስረው ይሠራሉ። መዘምራን ሁሉ የአንዱን መሪ ድምፅ ተከትለው እንደሚዘምሩ ያለ ነው።

ተጠባባቂው እንዴት ይተካል?

መሣሪያ የሰው እጅ ሥራ ነውና አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። የኤሌክትሪክ ኀይል ሰጪው ክፍል ይቃጠላል፤ ማቀዝቀዣው ይቆማል፤ ኦሲሌተሩ ከጽኑው ምንጭ ጋር የታሰረበት ይፈታል። ጣቢያው ግን መቋረጥ የለበትም። ለዚህ ሁለት መንገዶች አሉ።

1ኛው «አንድ ለአንድ» የሚባለው ነው። ከዲሹ የመጣው ሞገድ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሁለት አውራጆች ይገባል። ሁለቱም ባንድ ፍሪኩዌንሲ፣ ባንድ የማጉላት ልክ ቀንና ሌሊት ይሠራሉ። ወደ ፊት የሚያልፈው ግን የአንዱ ውጤት ብቻ ነው። ሠራተኛው የተበላሸ እንደ ሆነ መቀየሪያው ወደ ተጠባባቂው ይዞራል። ይህ ተጠባባቂ በእግር ኳስ ሜዳ ዳር ቆሞ ሰውነቱን ሲያሟሙቅ የቆየ ተጫዋች ነው እንጂ፣ ቤቱ ተኝቶ የሚጠራ አይደለም።

2ኛው «አንድ ለብዙ» የሚባለው ነው። ለምሳሌ ያህል ስምንት አውራጆች በስምንት የተለያዩ ፍሪኩዌንሲዎች ቢሠሩ ለያንዳንዱ ተጠባባቂ መግዛት ገንዘብ ያባክናል። ስለዚህ አንድ ተጠባባቂ ለስምንቱም ይቆማል። በላያቸው ላይ ተቈጣጣሪ መሣሪያ ይሾማል። ተቈጣጣሪውም የያንዳንዱን ፍሪኩዌንሲና የማጉላት ልክ በማስታወሻው መዝግቦ ይይዛል። ቍጥር 3 ታመመ የሚል ምልክት ሲደርሰው፣ መጀመሪያ ተጠባባቂው የቍጥር 3ን ፍሪኩዌንሲና ልክ እንዲይዝ ያዘዋል። ቀጥሎ ተጠባባቂው «ጸንቻለሁ» እስኪል ይጠብቃል። ከዚህ በኋላ መግቢያውንና መውጫውን ያዞራል፤ ለባለሙያውም ደወል ይሰጣል። ሁለት ባንድ ጊዜ የታመሙ እንደ ሆነ ማን እንደሚቀድም አስቀድሞ የተጻፈ ተራ አለ።

የማጉላቱ ልክ እኩል መሆን ስለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ ይኖራል። ተተኪው ካለፈው አብልጦ ቢጮኽ ወይም ቢያንሾካሹክ፣ ከእርሱ በኋላ ያለው መሣሪያ ይደናገጣል። መተካት ማለት የሄደውን ሰው ወንበር መያዝ ብቻ አይደለም፤ ሥራውንም በልኩ መያዝ ነው።

መቀየሪያውም ራሱ በዘዴ ይሠራል። ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ ቢጠፋ እንኳ በነበሩበት ቦታ ጸንተው የሚቀሩ ናቸው፤ ስለዚህ ተቈጣጣሪው ቢሞት በመልካም የሚሠራውን መሥመር ይዞት አይሞትም። የተበላሸው አውራጅ ተጠግኖ ሲመለስም ብዙ ጊዜ ራሱ ወዲያው ወደ ሥራ አይገባም፤ ባለሙያው ጸጥ ያለ ሰዓት ጠብቆ ይመልሰዋል። አንዴ መቋረጥ ይበቃልና።

የዚህ ሁሉ ጥቅም በሒሳብ ይታያል። አንድ አውራጅ ከሺህ ሰዓት አንዱን ቢበላሽ በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይቋረጣል። እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚበላሹ ሁለት አውራጆች ቢኖሩ ግን ሁለቱም ባንድ ጊዜ የሚበላሹት ከሚሊዮን ሰዓት አንዱን ነው፤ ይህም በዓመት 32 ሰከንድ ያህል ቢሆን ነው። የዚህ ሒሳብ ቁልፉ «ለየብቻ» የሚለው ቃል ነው።

ሦስት ወጥመዶች

1ኛ፤ ሥር መጋራት። ሁለት አውራጆች ካንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ የሚመገቡ ከሆነ፣ ያ ማከፋፈያ ሲቃጠል ሁለቱም ይጠፋሉ። ሁለቱም ባንድ የ10 ሜጋኸርዝ ምንጭ ላይ የታሰሩ ከሆነ፣ ምንጩ ሲሳሳት ሁለቱም አብረው ይሳሳታሉ። ስለዚህ ኀይሉም ምንጩም ሁለት ሁለት ይደረጋል። ካንድ ሥር የበቀሉ ሁለት ዛፎች ባንድ መጥረቢያ ይወድቃሉ።

2ኛ፤ ዝምተኛ በሽታ። አውራጁ ኀይሉንና ኦሲሌተሩን ራሱ ይመረምራል፤ ሞገዱ በርግጥ ማለፉን ግን ሁልጊዜ አያውቅም። በመብራቱ «ደኅና ነኝ» እያለ ምንም የማያሳልፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመጨረሻው ጫፍ የሚወጣውን መልእክት የሚመለከት ሌላ ዓይን ያስፈልጋል።

3ኛ፤ ያልተፈተነ ተጠባባቂ። የኛ በደል ይህ ነበር። የገዛነውን ዕቃ በቁም ሣጥን ቈልፈን «ተጠባባቂ አለን» እያልን ለዓመታት ተኛን። ከነመጠቅለያው ስለ ነበረ አዲስ ነው አልን እንጂ፣ ለኛ ዲሽና ለኛ ሪሲቨር መስማማቱን አንድ ቀን እንኳ አልሞከርንም። አዋቂዎቹ ግን በሠሩት ጣቢያ ተጠባባቂው በየጊዜው በፈቃድ ወደ ሥራ እየገባ ይፈተናል።

በዚህ ቦታ አንድ ነገር መናዘዝ ይገባናል። ያን ጧት እኛ ጣራ ላይ ስንንደፋደፍ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከመሰላሉ ሥር ቆማ ነበር። ወንድሟ ዲሽ የሚተክል ነውና ኤል ኤን ቢ ሲለወጥ የሪሲቨሩም ቍጥር እንደሚለወጥ ታውቅ ነበር። «ቍጥሩን...» ብላ ስትጀምር፣ ከኛ አንዱ «አንቺ ወዲያ በይ፤ መሰላሉን ያዢ!» አላት። በክበባችን ከ11ኛ ክፍል በታች ያለ ተማሪ ዕቃ እንዳይነካ የሚል ደንብ ነበረንና። እውነተኛው ተጠባባቂያችን ቁም ሣጥን ውስጥ አልነበረም፤ መሰላል ይዞ ቆሞ ነበር። ይህን የሰማነው ከሁለት ወር በኋላ ራሷ ስትነግረን ነው፤ ያን ዕለት ከጣራው ላይ ካፈርነው ይልቅ ያን ጊዜ አብልጠን አፈርን።

ከጨረቃ እስከ ፓሪስ

ተጠባባቂን በመልካም ማዘጋጀት ምን እንደሚሠራ ለማየት ወደ ኋላ መለስ እንበል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ሰዎች መጀመሪያ ጨረቃን ሲረግጡ፣ ከዚያ የሚመጣውን ሥዕል ለመቀበል የተዘጋጁት ጣቢያዎች ከአንድ በላይ ነበሩ። በአሜሪካ የጎልድስቶን ጣቢያ፣ በአውስትራልያ ደግሞ የሃኒሰክል ክሪክና የፓርክስ ጣቢያዎች ዲሾቻቸውን አቅንተው ይጠባበቁ ነበር። መጀመሪያ በጎልድስቶን በኩል የመጣው ሥዕል ጥራት ስለ ጐደለው ኒል አርምስትሮንግ መሬቱን ከመርገጡ በፊት የሂውስተን ሰዎች ወደ ሃኒሰክል ክሪክ ቀየሩት። ዘጠኝ ደቂቃ ያህል እንዳለፈም 64 ሜትር ስፋት ወዳለው ወደ ፓርክስ ዲሽ አዞሩትና እስከ መጨረሻው በዚያ ቆዩ። በዓለም ዙሪያ ያየው ሕዝብ በመካከል ጣቢያ መለዋወጡን ብዙም አላወቀም። የመልካም ተጠባባቂ ምስጋናው ይህ ነው፤ መግባቱ አይታወቅም።

አንዳንድ ጊዜ ግን ይታወቃል። ያን ጧት ሳናየው የቀረነው ታምራት ቶላ ራሱ ተጠባባቂ እንደ ነበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በማራቶኑ ቡድን ውስጥ ከተመረጡት ሦስቱ አንዱ የነበረው ሲሳይ ለማ ስለ ተጐዳ፣ ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ታምራት በእርሱ ቦታ ገባ። በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶም ከ2008 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ የቆየውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በ6 ሰከንድ አሻሻለ። ኢትዮጵያ ከፓሪስ ያገኘችው ወርቅ ያ ብቻ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ አገራችን ያዘጋጀችው ተጠባባቂ ወርቅ ሲያመጣ፣ እኛ ያላዘጋጀነው ተጠባባቂ እርሱን እንዳናይ አደረገን። ታምራት «ምናልባት አልጠራም ይሆናል» ብሎ ልምምዱን ቢተው ኖሮ በተጠራ ጊዜ ምን ይዞ ይቀርብ ነበር?

ማጠቃለያ

እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ጨርሰን ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከመውጣታችን በፊት ሦስት ነገር አድርገናል። ከዲሹና ከሪሲቨሩ ጋር የሚስማማ ተጠባባቂ ኤል ኤን ቢ ገዝተን ቍጥሩን በትልቁ ጽፈንበታል። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ተጠባባቂው ተገጥሞ አንድ ሰዓት እንዲሠራና በመዝገብ እንዲጻፍ ወስነናል። ዕቃ እንዳይነካ የሚለውንም ደንብ ሽረናል። መዝገቡን ዛሬ የምትይዘው ያቺው መሰላል ስትይዝ የነበረችው እኅታችን ናት።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ታናናሾቻችን እኛ ገና ሳለን አብረውን እንዲሠሩ፣ ሲሳሳቱም እንዲታረሙ ዕድል ስጧቸው። ወላጆቻችን ሆይ፤ «ለክፉ ቀን» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ነገር ሁሉ መሥራቱን በደኅናው ቀን ሞክሩት። ታናናሾቻችን ሆይ፤ እስክትጠሩ ድረስ ከነመጠቅለያችሁ አትቀመጡ። የምታውቁትንም ነገር፣ ታላቅ ቢቆጣ እንኳ፣ በትሕትና ደግማችሁ ተናገሩ። እኛም ቍጥሩን ሳንሰማ ጣራ ላይ የወጣን ሰዎች መሆናችንን አንረሳም።